መልኩ የማን ነው?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፥ አሜን።

የመጽሔታችን አዘጋጆች እያንዳንዳችን የዕረፍት ጊዜያችንን በምን እንደምናሳልፍና ከዚያም ለነፍሳችን ምን ትምህርት እንዳገኘን እንድንጽፍ ባሳሰቡን መሠረት፥ እኔም ስለ አንድ ትንሽ ነገር ልጽፍላችሁ ተነሣሁ። ይህም ነገር ሳንቲም ነው። አንዳንዶቻችሁ ሳንቲም ስሰበስብ አይታችሁ «ይህ ልጅ ገንዘብ ይወዳል» ብላችሁ እንደምትቀልዱብኝ አውቃለሁ። ቀልዱ ሙሉ በሙሉ ቀልድ እንዳልነበረ ይህን ጽሑፍ እስከ መጨረሻው የሚያነብ ይረዳል።

ሳንቲም መሰብሰብ የጀመርሁት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለሁ ነው። አያቴ ከሳጥኗ ሥር አንዲት ጠገራ ብር አውጥታ ሰጠችኝ። ጠገራ ብር ሲባል ሁላችንም የምንሰማው ነው፤ አባቶቻችን ማርትሬዛ የሚሉት፥ የኦስትሪያይቱ ንግሥት የማርያ ቴሬዛ መልክ ያለበት ገንዘብ ነው። ንግሥቲቱ ያረፈችው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1780 ሲሆን፥ ከዚያ በኋላ በቪየና፥ በሮም፥ በለንደን፥ በቦምቤይና በሌሎችም ከተሞች የታተመው ብር ሁሉ ያንኑ 1780 የሚለውን ዓመት እንደያዘ ቀረ። ክብደቱ 28 ግራም ያህል ነው፤ ከ1000 እጅ 833ቱ ንጹሕ ብር ነው። ይህ ገንዘብ ከባሕር ማዶ ወደ አገራችን ገብቶ ከአሞሌ ጨው ጋር ጎን ለጎን ለብዙ ዘመን ሲገበያዩበት ኖረ።

አያቴ ብሩን ስትሰጠኝ፥ ድሮ ሰው ጠገራ ሲቀበል እንዴት ይመረምር እንደነበረ አሳየችኝ። በመጀመሪያ በድንጋይ ላይ ጣል አድርጎ ድምፁን ይሰማል። ቀጥሎ በንግሥቲቱ ትከሻ ላይ ያለውን ጌጥ ተመልክቶ ዕንቁዎቹን ይቈጥራል፤ ዘጠኝ መሆን አለባቸውና። ከዚያ ጠርዙን በጣቱ ይዳስሳል፤ ጠርዙ ላይ በላቲን የተጻፈ ጽሑፍ አለና። አያቴ ያ ጽሑፍ ምን እንደሚል አታውቅም ነበር። እኔ ግን ኋላ መጽሐፍ አገላብጬ ፍቺውን አገኘሁ፤ «ፍትሕና ምሕረት» ማለት ነው። እስቲ አስቡት፤ አንዲት የአገር ቤት ባልቴት ፍትሕንና ምሕረትን በጣቷ እየዳሰሰች ቅቤዋን ስትሸጥ ኖረች፤ ፊደሉን ግን አታነብም።

ከዚያን ቀን ወዲህ ያገኘሁትን ሁሉ መመርመር ልማዴ ሆነ። የዳግማዊ ምኒልክ መልክ ያለባቸውን፥ 1887 ዓ.ም. የተጻፈባቸውንና በፓሪስ የታተሙትን ብሮች አንበሳው ያነሣው ቀኝ እግሩን ነው ወይስ ግራ እግሩን ብዬ አያለሁ። 1936 ዓ.ም. የተጻፈባቸውን የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሳንቲሞች እለያለሁ። ከእነዚህ መካከል የመዳብ ቀለም ያለው 25 ሳንቲም በመጀመሪያ ጠርዙ ክብ ነበር፤ መጠኑ ከብር ከተሠራው 50 ሳንቲም ጋር ስለ ተቀራረበና ስላምታታ በኋላ ጠርዙ የተሸነሸነ ሆነ። በ1969 ዓ.ም. የወጡትን ደግሞ ሁላችን እናውቃቸዋለን፤ በአንድ ሳንቲሙ ላይ ገበሬ በሬዎቹን ጠምዶ ያርሳል፥ በ10 ሳንቲሙ ላይ የደጋ አጋዘን ይታያል። ዓመቱ በግእዝ ቍጥር ፲፱፻፷፱ ተብሎ ስለ ተጻፈ የግእዝ ቍጥር ያስጠናኝ መምህሬ ሳይሆን ሳንቲም ነው ብል ሐሰት አይሆንብኝም።

በዚህ ሥራ መጀመሪያ ላይ አንድ ጥፋት አጠፋሁ። ያችን የአያቴን ጠገራ ጥቁረቷን አይቼ ላነጻት ፈለግሁና በሎሚና በአመድ ፈተግኋት። እንደ መስተዋት አበራች፤ እኔም ደስ አለኝ። ነገር ግን ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ አንድ ሰብሳቢ ባሳየሁት ጊዜ ራሱን ነቀነቀ። ጥቁረቱ የዕድሜዋ ልብስ እንጂ እድፍ አልነበረም አለኝ። አመዱ የንግሥቲቱን ፊት ጭሮታል፤ ዕንቁዎቹም ደብዝዘዋል። ከዚያ በኋላ ምንም ባደርግ የተጫረው ሊመለስ አልቻለም። ይህን ነገር ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁና።

ውድ ወንድሞችና እኅቶች፤ ሳንቲም ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ክርስቲያኖች እንግዳ ነገር አይደለም። የአክሱም ነገሥታት ከጌታ ልደት በኋላ በ3ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ፥ ከንጉሡ ከእንዱቢስ ጀምሮ፥ በወርቅ፥ በብርና በመዳብ ገንዘብ ያሳትሙ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ነገሥታት ገንዘብ ከንጉሡ ራስ በላይ ጨረቃና ክብ ምልክት ነበረው፤ ይህም የቀድሞው አምልኮ ምልክት ነው። ንጉሡ ኢዛናም መንገሥ በጀመረበት ወራት ያሳተመው ገንዘብ ይህንኑ ምልክት ይዞ ይገኛል። ነገር ግን በ4ኛው መቶ ዓመት፥ ቤተ ክርስቲያናችን ከሣቴ ብርሃን ብላ የምታከብረው አባ ሰላማ ፍሬምናጦስ ወንጌልን ሲያስተምር፥ ንጉሡ አመነ። ካመነም በኋላ ባሳተመው ገንዘብ ላይ ጨረቃው ጠፍቶ በቦታው መስቀል ተተካ። በዓለም ላይ መስቀልን በገንዘባቸው ላይ ካተሙት ከመጀመሪያዎቹ ነገሥታት አንዱ የእኛው ንጉሥ ነው።

በሙዚየም መስተዋት ሥር እነዚህን ገንዘቦች ያየሁ ቀን ብዙ ሰዓት ቆምሁ። አብዛኞቹ ከጥፍሬ እምብዛም የማይበልጡ ናቸው። የንጉሡ ፊት ያው ፊት ነው፤ በግራና በቀኙ ያሉት የእህል ዘለላዎች ያው ናቸው፤ ወርቁም ያው ወርቅ ነው። የተለወጠው ከራሱ በላይ ያለው ምልክት ብቻ ነው። ከኢዛና በኋላ ከታተሙት የመዳብ ገንዘቦች አንዳንዶቹ ደግሞ መስቀሉን ከብበው ይህ ነገር አገሩን ደስ ያሰኝ የሚል ምኞት በግሪክኛ ይዘዋል። ወርቁ ለሩቅ ነጋዴ ሲሆን መዳቡ በድኃው እጅ የሚዞር ነበርና፥ የደስታው ምኞት በድኃው ገንዘብ ላይ መጻፉ ልቤን ነካው።

እንግዲህ ከዚህ ወደ ቅዱስ ወንጌል እንለፍ። በማቴዎስ ወንጌል በምዕራፍ 22 እንደምናነበው፥ ፈሪሳውያን ጌታችንን በቃል ሊያጠምዱት ፈልገው ለቄሣር ግብር መስጠት ተፈቅዶአልን ወይስ አልተፈቀደም ብለው ጠየቁት። እርሱም ስለ ግብር ከመናገሩ በፊት አንድ ነገር አዘዘ፤ ገንዘቡን አሳዩኝ አለ። ዲናሩን ባመጡለት ጊዜም ይህ መልክና ይህ ጽሕፈት የማን ነው ብሎ ጠየቃቸው። ሊቃውንት እንደሚገምቱት ይህ ዲናር የጢባርዮስ ቄሣር ሲሆን፥ ክብደቱ ከ4 ግራም ያነሰ፥ በጽሕፈቱም ጢባርዮስን የመለኮታዊው አውግስጦስ ልጅ ብሎ የሚጠራ የብር ገንዘብ ነው። እነሆ እውነተኛው የአብ ልጅ ቆሞ ሳለ፥ ሐሰተኛው የአምላክ ልጅ በፈሪሳውያን እጅ መዳፍ ውስጥ ነበረ። ጌታችንም የቄሣር የሆነውን ለቄሣር፥ የእግዚአብሔር የሆነውን ለእግዚአብሔር እንዲመልሱ ነገራቸው።

በዚህ ቃል የመጀመሪያው ክፍል ላይ ሰው ብዙ ይከራከራል፤ ስለ መንግሥትና ስለ ግብር ይናገራል። ሁለተኛውን ክፍል ግን እናልፈዋለን። የቄሣር የሆነው የቄሣር መልክ ያለበት ከሆነ፥ የእግዚአብሔር የሆነውስ የትኛው ነው? መልሱ በኦሪት ዘፍጥረት በመጀመሪያው ምዕራፍ ተጽፎ ይገኛል፤ እግዚአብሔር ሰውን በመልኩና በምሳሌው እንደ ፈጠረው። ስለዚህ የእግዚአብሔር መልክ ያለበት ገንዘብ እኔና እናንተ ነን። ሰማዕቱ አግናጥዮስ ዘአንጾኪያም ለማግኔስያ ሰዎች በጻፈው መልእክት ሁለት ዓይነት ገንዘብ እንዳለ፥ አንዱ የእግዚአብሔር አንዱ የዓለም እንደ ሆነ፥ እያንዳንዱም የራሱ መልክ እንደ ታተመበት አስተምሯል።

መልኩ በኃጢአት ሲጠፋስ ምን ይደረጋል? እዚህ ላይ ነው የሎሚውንና የአመዱን ነገር የማስታውሳችሁ። ሰው መልኩ ሲደበዝዝ ራሱን በራሱ መፈተግ ይወዳል፤ ላይ ላዩን ያበራል፥ ውስጡ ግን ይጫራል። አባ ሰላማን ጳጳስ አድርጎ ወደ እኛ የላከው ቅዱስ አትናቴዎስ ስለ ቃል ሥጋ መሆን በጻፈው መጽሐፍ ግሩም ምሳሌ ሰጥቶናል። በሰሌዳ ላይ የተሣለ ሥዕል ሲበላሽ ሰሌዳው አይጣልም፤ ሥዕሉ የማን እንደ ሆነ ያ ባለ መልኩ ዳግመኛ መጥቶ ይቀመጣል፥ በዚያው ሰሌዳ ላይም መልኩ ይታደሳል። የአብ መልክ የሆነው ወልድም በመልኩ የተፈጠረውን ሰው ሊያድስ የመጣው እንዲሁ ነው። እንግዲህ መታደስ የፈታጊው ሥራ ሳይሆን የባለ መልኩ ሥራ ነው። የኛ ድርሻ ቀርቦ የተበላሸውን ማሳየት ነው፤ እርሱም ንስሐ ይባላል።

ይህን ሁሉ ቀደም ብዬ አውቀው ነበር፤ በጉባኤም ላይ ተናግሬዋለሁ። ማወቄ ግን ከሚቀጥለው ነገር አላዳነኝም።

አንድ ዓመት በኅዳር ወር፥ ከደብራችን የንግሥ በዓል ማግሥት፥ የሰበካ ጉባኤው አባቶች የምጽዋቱን ገንዘብ ሲቈጥሩ እንድናግዛቸው ጥቂት የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆችን ጠሩን። የሙዳየ ምጽዋቱና ጃንጥላ ተዘርግቶ የተሰበሰበው በአንድ ላይ በጠረጴዛ ላይ ተከመረ። ለእኔ ሳንቲሞቹን እንድለይ ተሰጠኝ፤ «አንተ ሳንቲም ታውቃለህ» ተባልሁ። ስለይም በቋጠሮ የታሰረች ቁራጭ ጨርቅ አገኘሁ። ከነጠላ ጫፍ የተቀደደች ትመስላለች። ፈታኋት። በውስጧ 1936 ዓ.ም. የተጻፈበት ከብር የተሠራ 50 ሳንቲም ነበረ። ጥቁረቱ እንዳለ ነው፤ ማንም በሎሚ አልፈተገውም። ፊደሉ አንድም አልተፋቀም። እኔ ለብዙ ጊዜ ስፈልገው የነበረ፥ በመዝገቤም ቦታ አዘጋጅቼለት ያላገኘሁት ነበር።

ግራና ቀኝ አየሁ። ከኪሴ አንድ ብር አወጣሁ፤ ያችን በ2002 ዓ.ም. የወጣችውን ሁለት ቀለም ያላትን። እርስዋን ከክምሩ ጨመርሁና 50 ሳንቲሙን ወደ ኪሴ ከተትሁ። ጨርቂቱን ከጠረጴዛው ሥር ጣልኋት። ቈጠራው ሲያልቅ ሒሳቡ ልክ ነበረ፤ እንዲያውም 50 ሳንቲም ቤተ ክርስቲያን አተረፈች ብዬ ራሴን አጽናናሁ። አባቶቻችንም መረቁን። እኔም «አሜን» አልሁ።

ከኅዳር እስከ ዐቢይ ጾም ያ ሳንቲም በመዝገቤ ውስጥ ተቀመጠ። ጓደኞቼ አይተው አደነቁት፤ ከየት አገኘኸው ሲሉኝ «ከአንድ ሰው» አልኋቸው። ውሸት አልነበረም፤ እውነትም አልነበረም።

በጾሙ ወራት ለጉባኤያችን ትምህርት ሳዘጋጅ አንድ የጥንት መጽሐፍ ትርጕም አነበብሁ። በ5ኛው መቶ ዓመት የነበረ ዮሐንስ ካስያኖስ የተባለ መነኵሴ በአስቄጥስ በረሃ ከነበረው ከአባ ሙሴ የሰማውን የጻፈበት ነው። አባ ሙሴ መነኵሴ ወደ ልቡ የሚመጣውን አሳብ ሁሉ እንደ ልባም ገንዘብ መርማሪ ሊመረምር ይገባዋል ይላል። ገንዘብ መርማሪ አራት ነገር ያያል። አንደኛ፥ ወርቁ በእሳት የጠራ ነው ወይስ በወርቅ ቀለም የተሸፈነ ናስ ነው? ሁለተኛ፥ ወርቁ እውነተኛ ቢሆንም በላዩ ያለው መልክ የእውነተኛው ንጉሥ ነው ወይስ የቀማኛ? ሦስተኛ፥ የታተመው በሕጋዊው ማተሚያ ቤት ነው ወይስ በሥውር? አራተኛ፥ ክብደቱ ሙሉ ነው ወይስ ዝገትና ብልሽት አጉድሎታል? እኔም ለትምህርቱ ጥሩ ምሳሌ ይሆነኛል ብዬ በደስታ ጻፍሁት። ለእያንዳንዱም ከኑሮ ምሳሌ ልፈልግ ብዕሬን ባነሣሁ ጊዜ ሌላ ምሳሌ አልመጣልኝም፤ የመጣልኝ ያ 50 ሳንቲም ብቻ ነበረ።

እነሆ ያን ጊዜ በልቤ የነበረውን አሳብ እንደ አባ ሙሴ ሥርዓት ልመርምርላችሁ።

በመጀመሪያ ስለ ወርቁ። አሳቤ «ይህ ቅርስ ነው፤ በባንክ ከሌላው ጋር ተቀላቅሎ ከሚጠፋ እኔ ብጠብቀው ይሻላል» የሚል ነበረ። መልካም ይመስላል። ነገር ግን ቅርስ መጠበቅ የላዩ ቀለም ነበረ፤ ቢፋቅ ከሥሩ የሚገኘው ምኞት ነው። ለቅርስ ብቻ ቢሆን ኖሮ ለአባቶች አሳይቼ በቤተ ክርስቲያኒቱ ዕቃ ቤት እንዲቀመጥ አደርግ ነበር።

ሁለተኛ ስለ መልኩ። ለአሳቤ ከቅዱስ መጽሐፍ ጥቅስ ፈልጌለት ነበር፤ ለሠራተኛ ዋጋው ይገባዋል የሚለውን። ቃሉ ወርቅ ነው፤ እኔ ግን የሌላ ንጉሥ መልክ አተምሁበት። ጌታችንን በበረሃ የፈተነውም መጽሐፍ እየጠቀሰ እንደ ነበረ እናስታውስ።

ሦስተኛ ስለ ማተሚያው። የተሠራው የት ነው? ግራና ቀኝ ታይቶ፥ ከጠረጴዛ ሥር ነው። ሕጋዊ ቢሆን ኖሮ «አባቴ፥ ይህን በዋጋው ልግዛው?» ብሎ መጠየቅ በቂ ነበር። ሳልጠይቅ የቀረሁት መልሱን ስለማውቅ ነው።

አራተኛ ስለ ክብደቱ። በቍጥር ከሄድን አንድ ብር የ50 ሳንቲም እጥፍ ነው። ነገር ግን ያ አሮጌ ሳንቲም 7 ግራም ያህል የሚመዝን የብር ገንዘብ ነው፤ እኔ ያስገባሁት ደግሞ በዛሬ ገበያ አንድ ከረሜላ መግዛቱም የሚያጠራጥር ነው። ይህ የሰብሳቢ ሒሳብ ነው። ከዚህ የሚበልጥ ሌላ ክብደት ግን ነበረ፤ ያንን ያወቅሁት በኋላ ነው። አንድ ነገር ልጨምር። ያቺ የሰጠኋት አንድ ብር በጀርባዋ የሚዛን ሥዕል አለባት። ለስንት ጊዜ እንደ ተመለከትኋት አላውቅም፤ በዚያን ቀን ግን አላየኋትም። አባይ ሚዛን በእግዚአብሔር ፊት አስጸያፊ እንደ ሆነ ጠቢቡ ሰሎሞን በምሳሌው አስተምሮናል።

ወደ ንስሐ አባቴ ሄጄ ሁሉን ተናገርሁ። ይቈጡኛል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ አልተቈጡም። ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፤

«ጨርቂቱስ የት አለች?»

«ጣልኋት፥ አባቴ።»

«ልጄ፥ ሰው ሳንቲም በጨርቅ ቋጥሮ የሚሰጠው ሳንቲሙን ብቻ አይደለም። ስለት ይሆናል። ዐርባ ዓመት በሳጥን አስቀምጣው ልጅዋ በዳነ ቀን ያወጣችው ይሆናል። ሳንቲሙን ትመልሰዋለህ፤ ቋጠሮውን ግን የፈታኸው አንተ ነህ።»

እኔም መልስ አልነበረኝም። ቀኖናዬን ተቀበልሁ፤ ሳንቲሙንም ራሴ ወስጄ፥ በራሴ አፍ ተናግሬ ለሰበካ ጉባኤው ገንዘብ ያዥ እንድመልስ አዘዙኝ። በሙዳዩ ጣል አድርጎ መሄድ ይቀል ነበርና ያን ለምኜ ነበር፤ አልፈቀዱልኝም። ገንዘብ ያዡ ሽማግሌ ናቸው። ነገሩን ስነግራቸው መነጽራቸውን አውልቀው ሳንቲሙን በመዳፋቸው ላይ ከፍ ዝቅ አደረጉት። ከዚያም የደረሰኝ ጥራዝ አወጡና «ከማን ልበል?» አሉኝ።

ከእኔ እንዳይባል የእኔ አይደለም። ከሰጪዋ እንዳይባል ስሟን አላውቅም፤ ሴት መሆኗንም ከጨርቂቱ ገመትሁ እንጂ አላየሁም። ዝም ብዬ ቆምሁ። እርሳቸውም «ከአንድ ምእመን» ብለው ጻፉ። ሳንቲሙም በዕቃ ቤት ከሌሎች የስለት ዕቃዎች ጋር ተቀመጠ። በመዝገቤ ያዘጋጀሁለት ቦታ እስከ ዛሬ ባዶ ነው።

ወንድሞችና እኅቶች፤ በማርቆስ ወንጌል በምዕራፍ 12 የተጻፈችውን መበለት ታስታውሳላችሁ። በመዝገቡ ያስገባቻቸው ሁለት ትንንሽ የናስ ገንዘቦች በዚያ ዘመን በአይሁድ አገር ከሚዞሩት ሁሉ ያነሱት ነበሩ። የሳንቲም ሊቃውንት እነዚህ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ103 እስከ 76 በነገሠው በእስክንድር ያንናይ ዘመን ታትመው የቀሩ እንደሚሆኑ ይገምታሉ። ክብደታቸው ከ2 ግራም በታች ነው፤ ብዙዎቹም አታሚው ተቻኩሎ ስላተማቸው ሥዕሉ ከጠርዙ ወጥቶ ግማሹ የለም። ሰብሳቢ ቢያያቸው ንቆ ያልፋቸዋል። ጌታችን ግን በመዝገቡ አንጻር ተቀምጦ ሰዎች ገንዘብ ሲያስገቡ ይመለከት ነበር ይላል ወንጌል። እርሱም መርማሪ ነበረ ማለት ነው። ከሁሉ ይልቅ አብዝታ የሰጠች እርሷ እንደ ሆነች ፈረደ፤ ያላትን ሁሉ ሰጥታለችና። እንግዲህ እኔ በዚያች ጠረጴዛ አጠገብ ተቀምጬ ስለይ፥ አንጻሬ ሌላ የሚመለከት እንዳለ ዘንግቼ ነበር። የመበለቲቱን ስጦታ ክርስቶስ ከፍ አድርጎ መዘነው፤ እኔ ግን በአንድ ብር ለወጥሁት።

ከዚህ በኋላ ሳንቲም መሰብሰቤን ልተው ወይ ብዬ የንስሐ አባቴን ጠይቄ ነበር። «ሳንቲሙ ምን አጠፋ?» አሉኝ። ስለዚህ አልተውሁም፤ ነገር ግን ሥርዓት አበጀሁለት። ከእናንተም መካከል ይህን ወይም ሌላ ነገር መሰብሰብ የሚወድ ካለ ይጠቅመው ይሆናልና እነሆ። የዋጋውን ልክ ከማያውቅ ሰው ዝም ብዬ አልገዛም፤ በተለይ ከአረጋውያን ስገዛ ምን ያህል እንደሚያወጣ አስቀድሜ እነግራቸዋለሁ። ከመሬት ተቈፍሮ የወጣ የአክሱም ገንዘብ ቢያመጡልኝ አልነካም፤ እንዲህ ያለው ቅርስ የሕዝብ ነው፥ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ አዋጅ ቍጥር 209ም ያገኘ ሰው ለሚመለከተው ክፍል እንዲያሳውቅ ያዛል። ያገኘሁትን በሎሚም በአመድም አልፈትግም። ከየት አገኘኸው ሲሉኝም በሙሉ ቃል ለመመለስ የማልደፍረውን አንድም ነገር በቤቴ አላኖርም። ይህች የመጨረሻይቱ ለሳንቲም ብቻ ሳይሆን ለፈተና ውጤትም፥ ለጓደኝነትም፥ ለምንናገረው ቃልም የምትሆን ይመስለኛል።

በመጨረሻም በሉቃስ ወንጌል በምዕራፍ 15 ያለችውን ሴት ላስታውሳችሁ። ዐሥር ድሪም ነበራት፤ አንዱ ጠፋባት። መብራት አበራች፥ ቤቷን ጠረገች፥ እስክታገኘውም አጥብቃ ፈለገች፤ ባገኘችውም ጊዜ ጎረቤቶቿን ጠርታ አብራ ተደሰተች። የጠፋው ድሪም አቧራ ውስጥ ሳለም ድሪም ነው፤ የንጉሡ መልክ በላዩ አለ፥ ባለቤትም አለው፥ ይፈለጋልም። ከቤቱ ውጭ አልጠፋም፤ እዚያው ቤት ውስጥ ነው የጠፋው። እኛም በሰንበት ትምህርት ቤት እያለን፥ መዝሙር እየዘመርን፥ ምጽዋት እየቈጠርን ልንጠፋ እንችላለን። ስለዚህ መብራቱ ሲበራና መጥረጊያው ሲመጣ ከጠረጴዛው ሥር አንሸሸግ። ፈላጊው እኛን የሚሰበስበን ለመዝገብ ማሳመሪያ ሳይሆን መልኩን በእኛ ሊያድስ ነውና።

መልኩ የማን ነው ብሎ በሚጠይቀን ቀን፥ መልኩ ያንተ ነው ብለን ያለ እፍረት ለመመለስ ያብቃን። ያቺን ስሟን የማላውቃት ምእመንም ስለቷን አምላክ ይቀበልላት፤ እኔንም በጸሎታችሁ አስቡኝ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።